ውሃው የጋራ፣ በሩ የግል፦ የውሃ ዳር ክርክር ከደሴ ሲታይ

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው አስፋልት በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ይወርዳል። በዚያ መስመር ጭነት ያመላለሱ የአካባቢያችን ሾፌሮች ጨው ውሃ ውስጥ እግራቸውን ነክረዋል። ከእነሱ በኋላ ለመጣን ለአብዛኞቹ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ግን «ውሃ ዳር እንሂድ» ማለት ሐይቅ ወርዶ መመለስ ነው። ስለዚህ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያና በፓስፊክ ደሴታማዋ አገር ፊጂ ለዓመታት የሚያከራክረው የሰርፊንግ ዳርቻ ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰማ የቅንጦት ጠብ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጠቡ ያለው በር ላይ ነው፤ በር ደግሞ እኛም አገር አለ።

ሰርፊንግ በሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል መጋለብ ነው። ለግልቢያ የሚመች ማዕበል በየዳርቻው አይነሣም። የባሕሩ ወለል ቅርጽ፣ የድንጋዩ ወይም የኮራሉ አቀማመጥና የነፋሱ አቅጣጫ መግጠም አለባቸው። እግር ኳስ ሜዳ ቢዘጋ ሌላ ሜዳ ይፈለጋል፤ ማዕበል ግን ከቦታው አይነቀልም። ዳርቻው የአንድ ሰው ከሆነ ማዕበሉም በተዘዋዋሪ የእሱ ይሆናል። ሰርፈሮች በመሬት ጉዳይ እንዲህ አምርረው የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

በካሊፎርኒያ ሕግ ከአማካዩ የሞላ ውሃ መስመር በታች ያለው እርጥብ አሸዋ የሕዝብ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ደረቅ መሬት ግን የግል ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሙግት የሚፈላው በሁለቱ መካከል ነው፦ የሕዝብ የሆነው አሸዋ ላይ ለመድረስ የግል የሆነውን መሬት መርገጥ ግድ ሲሆን ምን ይደረጋል? ከሁሉ የታወቀው ጉዳይ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ የሚገኘው የማርቲንስ ቢች ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ እየተቀበሉ ሰው ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ባለሀብቱ ቪኖድ ኮስላ ቦታውን በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ውሎ አድሮ በሩ ተቆለፈ። በ2012 በሩን አልፈው የገቡ አምስት ሰርፈሮች ተያዙ፣ ክሱ ግን አልገፋም። በቀጣዩ ዓመት ሰርፍራይደር የተባለው የሰርፈሮች ድርጅት ፍርድ ቤት ሄደ።

የሙግቱ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ «መሬቱ የእኛ ነው» አላለም። የ1976ቱ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ሕግ በዳርቻ ላይ «ልማት» የሚያካሂድ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል፣ የልማትን ትርጉም ደግሞ ሰዎች ወደ ውሃው የሚደርሱበትን ሁኔታ እስከ መቀየር ድረስ አስፍቶታል። እንግዲህ ሕንፃ መሥራት ብቻ ሳይሆን ሲከፈት የኖረ በር መቆለፍም ፈቃድ ይጠይቃል ማለት ነው። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዚሁ አመነ፣ በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም አለ። በ2020 ደግሞ ግዛቱ ራሱ ሌላ ክስ መሠረተ።

የባለቤቶቹም ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መንግሥት ያለ ካሳ መሬቴን ለሕዝብ ክፈት ካለኝ ወሰደብኝ ማለት ነው ይላሉ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ይህን ይከለክላል። በ1987 (ሁሉም የውጭ ዓመታት በእ.ኤ.አ. ናቸው) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖላን በተባለው ቤተሰብ ጉዳይ፣ ቤት ለመሥራት የጠየቀን ሰው «ለሕዝብ መተላለፊያ ካልሰጠህ» ብሎ ፈቃድ መከልከል እንደማይቻል ወስኗል፤ ጥያቄው ቤቱ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር አልተያያዘምና። እኔ ሚዛኔ ወደ ሰርፈሮቹ ያደላል፤ ለትውልድ ሲከፈት የኖረን በር መዝጋትና ከመነሻው ተዘግቶ የኖረን ማስከፈት አንድ አይደሉም።

ከካሊፎርኒያ በስተሰሜን ያለችው ግዛት ኦሪገን ነገሩን ባጭሩ ጨርሳዋለች። በ1966 ካነን ቢች ላይ አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ብሎ አጠረው። በማግሥቱ ዓመት ገዥው ቶም ማኮል ቀያሾችን ይዞ በሄሊኮፕተር ዳርቻው ላይ አረፈ፣ ሕጉም ወጣ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሣሩ ድረስ ያለውን አሸዋ ሕዝብ ይጠቀምበታል።

አጥር የሌለው አጥርም አለ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው የሉናዳ ቤይ ዳርቻ የሕዝብ ቢሆንም የሰፈሩ ሰርፈሮች እንግዳ እያስፈራሩ፣ ድንጋይ እየወረወሩ ለራሳቸው አድርገውት ኖረዋል። ከድንጋይ የሠሯት መጠለያ በ2016 ፈረሰች። ፊጂ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። የታቫሩዋ ደሴት ሪዞርት ክላውድብሬክ የተባለውን ማዕበል ለእንግዶቹ ብቻ ይዞት ቆይቶ በ2010 በወጣ ድንጋጌ ለሁሉም ተከፈተ። ግን በዚያ ውሃ ላይ ጥንታዊ የዓሣ ማስገር መብት ያላቸው የአካባቢው ነገዶች ነበሩ። «ለሁሉም ተከፈተ» ሲባል የእነሱን ድርሻ ማን ቆጠረው?

ወደ ሐይቅ እንመለስ። ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ማዕበል አይጋለብበትም። ሰው የሚሄደው ዓሣ ሊበላ፣ ፎቶ ሊነሣ፣ ሙሽራ ሊያጅብ፣ ወይም የደሴን ብርድ ለግማሽ ቀን ሊያመልጥ ነው። በእኛ ሕግ የዳርቻ ባለቤት የሚባል ሰው የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃውንም የጋራ ያደርገዋል፤ የሚመለከተው አካል የውሃ ዳርቻን ወሰን እንዲከልልና በተከለለው ቦታ ውስጥ ቤት እንዳይሠራ እንዲከለክልም ሥልጣን ይሰጣል። በወረቀት ከካሊፎርኒያ እንበልጣለን።

በመሬት ላይ ግን ከአስፋልቱ እስከ ውሃው የገበሬ ማሳ፣ የሊዝ ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ለሌለው መሬት ባለቤት በጎረቤቱ በኩል መተላለፊያ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ግን የጎረቤት መብት ነው፤ በሚኒባስ መጥቶ ውሃ ሊያይ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ የውሃ ዳር መዝናኛ በር ላይ ደረስን። ጥበቃው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። «መዝናናት ነው ወይስ ማየት ብቻ?» አለን። ማየት ብቻ አልነው። «አብሽሩ ወንድሞቼ፣ አንድ አንድ ቡና ካዘዛችሁ እስኪመሽ ተቀመጡ፤ ዝም ብሎ ግን አይገባም።» ቡናውን ጠጣን። የታዘዘውን ነው የሚሠራው፣ ቡናውም አይከፋም ነበር። ግን ከአጥሩ ማዶ፣ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ በማሳው መካከል በጠበበች መንገድ ከውሃው ስትወጣ አየናት። ያችን መንገድ ማንም አላሳየንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

እንደ እሷ ያሉት የአካባቢው ሰዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎቹና ከብት አጠጪዎቹ ጭምር፣ መንገድ የሚያገኙት በመተዋወቅና በመፈቃቀድ ነው። መተዋወቅ ጥሩ ዋስትና ነው፣ ማሳው ሌላ ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ። ማርቲንስ ቢች ላይም የተከሰተው ይኸው ነበር፤ ፈቃጁ ቤተሰብ ሸጠና ፈቃዱ አብሮ ሄደ።

ሁሉም ክልከላ ግን ከገንዘብ አይመነጭም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ይህን ከመዝናኛው በር ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም፤ ገዳሙ ከሎጅ በፊት፣ ከሕገ መንግሥትም በፊት እዚያ ነበር፣ የሚጠብቀውም ሥርዓቱን እንጂ ዕይታውን አይደለም። ሆኖም ውሃ ዳር ቆማ የቀረች ሴት ክልከላው ከየትም ይምጣ ክልከላ መሆኑን ታውቃለች።

ስለ ሐይቁ አመጣጥ የሚነገረው አፈ ታሪክም ስለ ሴት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት ይባላል። እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወገኗ ስትሰጥም ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ገዳሙ የተተከለው እዚያች ቦታ ላይ ነው ይላሉ። ደሴቲቱ ዛሬ ደሴት አይደለችም፤ ውሃው ስለሸሸ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ካሊፎርኒያ ላይ ባሕሩ ከፍ እያለ የሕዝቡን መስመር ወደ ግል መሬት ይገፋል፤ እዚህ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ ማንም ያልያዘው አዲስ መሬት ይወጣል። ዱሮ በታንኳ ይገባበት የነበረው ገዳም ዛሬ በእግር ይደረሳል።