የክፍል ጉብኝትና የተግባር ሥራ፦ ድንቅነሽን ለማየት ሲወጣ

የክፍል ጉብኝት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ከግቢ ወጥተው በመጽሐፍ ያነበቡትን በዓይናቸው የሚያዩበት የትምህርት ጊዜ ነው። ለአዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ የተለመደ መዳረሻ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ጉዞው እንደ ሽርሽር ብቻ ከተያዘ ግን ልጆቹ የሚያስታውሱት ሰርቪስ ውስጥ የዘፈኑትን ነው። ትምህርት የሚሆነው ከፊቱና ከኋላው የእጅ ሥራ ሲኖረው ነው።

በዋዜማው ሳምንት የሚሠራው ገመድ ነው። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለ4ኛ ክፍል ልጅ ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ 1 ሜትር 100,000 ዓመት ሆኖ ይያዝና 32 ሜትር ሲባጎ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ጫፍ ዛሬ፣ ሌላው ድንቅነሽ። በየሜትሩ ቋጠሮ ይታሰራል። ከዚያ «ዓድዋን የት እንሰር?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ወደ መሃል ይሮጣሉ። 130 ዓመት ግን 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ውፍረት እንኳ አይወጣም። የዛሬ 2,000 ዓመት የነበረው አክሱምም 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ናይለን ስለሚለጠጥ ልኩን ያዛባል፤ የቃጫ ሲባጎ ይሻላል። ቋጠሮ ገመድ ይበላልና 3 ሜትር ያህል ትርፍ ይያዝ፤ ሜትሩም የሚለካው ከታሰረ በኋላ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው።

ግድግዳ ላይም 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር በጠመኔ ይሰመራል። የድንቅነሽ ቁመት ይህን ያህል ነበር፤ የ1ኛ ክፍል ልጅ ያክላል፣ እሷ ግን ያደገች ነበረች። ለእይታ የቀረበው ቅጂ መሆኑና ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጦ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይነገራቸው። እዚያ ደርሰው ከሰሙት የተታለሉ ይመስላቸዋል።

ለ45 ተማሪ ቢያንስ 4 አዋቂ ያስፈልጋል። ቆጠራው ሲሳፈሩ፣ ሙዚየሙ በር ላይና መኪናው ለመመለስ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚቆጥረው ያው ሰው ይሁን። መኪና የሚያማቸው ከፊት ይቀመጡ፣ ፌስታልም ይያዝላቸው። ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ ግማሹ ቅሪተ አካል ካለበት ምድር ቤት፣ ግማሹ ከላይ ቢጀምር መስታወቱ ጋ መጋፋት አይኖርም። የመግለጫ ጽሑፍ ማስገልበጥ ከንቱ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ልጅ ዕቃውን አያይም። እያንዳንዱ አንድ ዕቃ መርጦ በእርሳስ ይሣል፣ ስንት ስንዝር እንደሚሆንም ይገምት።

ሲመለሱ የቁፋሮ ሣጥን ይጠብቃቸዋል። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን ይዘጋጃል። ከታች ቀይ አፈር፣ ከመሃል አሸዋ፣ ከላይ ጥቁር አፈር፣ እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይነጠፋል።  በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ክር ሲወጠር 6 አራት ማዕዘን ይወጣል፤ በየአንዱም ቆፋሪ፣ ለኪና መዝጋቢ ይመደባል። ድርሻ ካልተሰጠ ሁሉም በእጁ ይምሳል፣ በአምስት ደቂቃም ያልቃል። መቆፈሪያው ማንኪያና የቀለም ብሩሽ ነው።

የሚቀበረው የዶሮ አጥንት ነው፤ ከበዓል ማግስት አይጠፋም። በደንብ ተቀቅሎ፣ ሥጋው ጸድቶ፣ ቀናት ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ሁሉም አይቀበርም። የድንቅነሽ አፅም የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነውና ከዶሮዋም ከግማሽ በላዩ ይቀራል። የግራው ቅልጥም ወጥቶ የቀኙ ሲጠፋ ልጆቹ የግራውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ይሥላሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው በብርሃን ላይ ሲያዩት የጠፋውን የቀኙን ቅርጽ ያገኛሉ።