ከኢንተርስቴት 81 ጎን ያለው የተራራ መንገድ፦ ስካይላይን ድራይቭና ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ በሞተርሆም

ከሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገደኛ ሦስት መንገዶች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ሸለቆውን ይዞ ትራኮች በብዛት የሚነዱበት ፈጣን አውራ ጎዳና፣ ኢንተርስቴት 81 አለ። እሱን እየተጠጋና እየራቀ በዊንቸስተር፣ በስታንተንና በሌክሲንግተን ከተሞች መሀል የሚያልፈው አሮጌው ዩኤስ 11 ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በስተምሥራቅ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ ሲሆን፣ እሱ ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀበለዋል። ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት ያለው ተሽከርካሪ፣ ይዞ የወጣ ሰው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ የጉዞውን መልክ ከነጭራሹ ይመርጣል።

የኢንተርስቴት መረብ የተስፋፋው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1956 በፈረሙት ሕግ ነው። ደንቡ በአንድ ወጥ ልክ የተሠፋ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ 12 ጫማ (3.66 ሜትር) ስፋት አለው፣ መስቀለኛ መንገድ የለም፣ መውጫና መግቢያው የተለየ ነው። እስከ 8.5 ጫማ (2.6 ሜትር ገደማ) ለሚሰፋ ሞተርሆም ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ነገር ግን የተሠራው ቶሎ ለመድረስ ነውና ሸለቆውን ሙሉ ቀን ነድተው አንድም መንደር ሳያዩ ማለፍ ይቻላል።

የተራራዎቹ መንገዶች የተሠሩበት ሐሳብ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። 105 ማይል (169 ኪሎ ሜትር) የሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ያቋርጣል። ፓርኩ ሲከለል በተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ከመሬታቸው እንዲለቁ ተደርገዋል፤ ዛሬ በጫካው ውስጥ የሚታየው የድንጋይ አጥርና የጭስ ማውጫ ቅሪት የእነሱ ነው። መኪና አቁሞ ገደሉን የሚያይ ሰው ይህንንም ቢያውቅ ይገባል።

ስካይላይን ድራይቭ ሮክፊሽ ጋፕ በተባለው የተራራ በር ሲያበቃ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ከዜሮ ማይል ይጀምራል። ከዚያ 469 ማይል (755 ኪሎ ሜትር) ተጉዞ በሰሜን ካሮላይና ቼሮኪ አጠገብ፣ በግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ፓርክ ደጃፍ ላይ ያልቃል። ሥራው የተጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር፤ ሥራ ላጡ ሰዎች እንጀራ መክፈቻም ነበር። የተጠናቀቀው ግን ከ52 ዓመት በኋላ በ1987 ነው። ያዘገየው ግራንድፋዘር ተራራን የሚዞረው የመጨረሻ ክፍል ነው። የመሬቱ ባለቤት መንገዱ ተራራውን ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይቆርጠው ለዓመታት ስለተከራከረ፣ በመጨረሻ ሊን ኮቭ የተባለው ድልድይ ተሠራ። 153 የኮንክሪት ቁራጮች አንድ በአንድ ተገጣጥመው፣ ዓለቱን ሳይቆርጡ ከገደሉ ላይ ተንሳፍፈው የሚታጠፉበት ሥራ ነው። ለእኔ ከመንገዱ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀው ይህ ነው። በላዩ ላይ ሲነዱ ግን አይታይም፤ ለማየት 304ኛው ማይል ላይ አቁሞ በእግር ከሥሩ መሄድ ያስፈልጋል።

ፍጥነቱ በስካይላይን 35፣ በፓርክዌዩ በአብዛኛው 45 ማይል በሰዓት ነው። የንግድ ጭነት መኪና አይፈቀድም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። ምንም ሳይቆሙ እንኳ ሁለቱን ለመጨረስ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአግባቡ ለማየት ግን አራት አምስት ቀን ይፈልጋል።

ሞተርሆም ለያዘ ሰው ቁልፉ ጥያቄ ቁመት ነው። ስካይላይን ድራይቭ ላይ ሜሪስ ሮክ የተባለው የመንገድ ዋሻ 12 ጫማ ከ8 ኢንች (3.86 ሜትር) ብቻ ከፍታ አለው። አውቶብስ የሚያካክሉት ትልልቅ ሞተርሆሞች ጣሪያቸው ላይ ያለው ኤር ኮንዲሽነር ሲጨመር ቁመታቸው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከፍታውን ከሻጩ ወረቀት ላይ ማንበብ አይበቃም፤ በመለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ከመሪው ፊት መለጠፍ ይሻላል። ተሽከርካሪው በዋሻው የማያልፍለት ሰው ከሰሜን ሲመጣ ዋሻው ሳይደርስ በቶርንተን ጋፕ በዩኤስ 211 ወደ ሉሬይ ይወርድና በዩኤስ 340 ወደ ደቡብ ሄዶ፣ በዩኤስ 33 ስዊፍት ራን ጋፕ ላይ ተመልሶ ተራራው ላይ ይወጣል። የተራራውን አንድ ክፍል ቢያሳጣም የሉሬይን የተፈጥሮ ዋሻዎች ለማየት ሰበብ ይሆናል። ፓርክዌዩም 26 ዋሻዎች ያሉት ሲሆን፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም በሰሜን ካሮላይና ናቸው። አብዛኛዎቹ ቅስት ስለሆኑ ከመሀላቸው ይልቅ ጠርዛቸው ዝቅ ይላል፤ ከመግባት በፊት የእያንዳንዱን ከፍታ ከፓርኩ ዝርዝር ላይ ማየት ግድ ነው። ተራ የስልክ ካርታ ይህን አይነግርም፤ የተሽከርካሪውን ቁመት የሚቀበል የአርቪ (የሞተርሆም) ጂፒኤስ ይነግራል።

የፓርክዌዩ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በጄምስ ወንዝ 649 ጫማ (198 ሜትር) ሆኖ፣ በሪችላንድ ባልሳም 6,053 ጫማ (1,845 ሜትር) ይደርሳል። አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ትላለችና አየሩ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው መውጣትና መውረዱ ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሾፌር እንደሚያውቀው፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ እንጂ ፍሬን ላይ ተጭኖ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። ከኋላ መኪና ሲከማች መንገድ ዳር ባሉት የመመልከቻ ቦታዎች ገብቶ ማሳለፍ የዚህ መንገድ ጨዋነት ነው።

ነዳጅ ማደያ በፓርክዌዩ ላይ የለም፤ ከሚያቋርጡት አውራ ጎዳናዎች በአንዱ ወርዶ ይቀዳል። በፓርክዌዩም ሆነ በሸናንዶዋ የመንግሥት የካምፕ ቦታዎች የመብራትና የውሃ መሰኪያ የላቸውም። ስለዚህ የንጹሕ ውሃ ጋኑን ሞልቶ፣ የቆሻሻውን ባዶ አድርጎ መውጣት ያስፈልጋል። ጀነሬተርም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። መሰኪያ የሚፈልግ በሮአኖክና በአሽቪል አካባቢ ያሉ የግል ቦታዎችን ያገኛል።

በብርዱ ወራት በረዶና ከዋሻዎች ጣሪያ የሚንጠለጠለው የበረዶ ግግር መንገዱን ይዘጉታል። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ደግሞ ይጨናነቃል፤ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ የተሻሉ ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የነፈሰው ሄሊን አውሎ ነፋስ በተለይ በሰሜን ካሮላይና በኩል ብዙ ክፍሎችን ስላበላሸ፣ ጉዞ ከመጀመር በፊት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትን የመንገድ ሁኔታ ማየት ይገባል።

የስካይላይን ሰሜናዊ መግቢያ ፍሮንት ሮያል ከዋሽንግተን ዲሲ 70 ማይል ያህል ነው። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በኢንተርስቴት 66 ከቤት ተነስተው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደርሱበት ነው። ሞተርሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከራይ ቤተሰብ የምመክረው በተራራው ሄዶ በኢንተርስቴት 81 መመለስ ነው፤ ልጆች በመጨረሻው ቀን ይደክማቸዋል፣ ያኔ ሰፊው መንገድ ይጠቅማል። ጊዜው ካጠረ ደግሞ ዩኤስ 11 መካከለኛ ነው። የዋሻ ጭንቀት ሳያበዛ በከተሞቹ ዋና ጎዳና ያሳልፋል፣ ሲደክምም ኢንተርስቴቱ ቅርብ ነው።