ፈጣን የጨበጣ ተዋጊዎች በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ

በትንንሽ ምስሎች የሚካሄዱት የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታዎች ሕጋቸው እጅግ ቢለያይም አንድ ዓይነት ጓድ ከአብዛኞቹ አይጠፋም፦ ከቀረው ሠራዊት ቀድሞ የሚሮጥ፣ ከሩቅ ከመተኮስ ይልቅ ጠላቱ ላይ ደርሶ በጨበጣ የሚዋጋ። በጥንታዊ ዘመን ጨዋታ ፈረሰኛ ወይም ሠረገላ፣ በምናብ ዓለም ተኩላ ጋላቢ፣ በመጪው ዘመን ጦርነት ደግሞ ሞተር ብስክሌተኛ ሊሆን ይችላል። ስሙና አልባሳቱ ይለያይ እንጂ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው፤ ሲያጠቃ አስፈሪ፣ ሲጠቃ ስስ።

የፍጥነት ልዩነት ከጨዋታው ጅማሬ አንሥቶ ያለ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ሕግ እግረኛ በአንድ ተራ 1 ጫማ፣ ፈረሰኛ 2 ጫማ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዋርሃመር የተባለው የምናብ ዓለም የጦርነት ጨዋታ በቀደሙት እትሞቹ የጥቃት ሩጫን የመደበኛው ጉዞ እጥፍ አድርጎት ስለነበር፣ 8 ኢንች የሚሄድ ፈረሰኛ 16 ኢንች ይወረወራል። ርቀቱንም በሜትር ሳይሆን በዓይን መገመት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ስምንተኛው እትም መለካት ተፈቀደ፤ በምትኩ የሩጫው ርዝመት በዳይስ (ባለ ስድስት ገጽ የዕድል መጣያ) እንዲወሰን ተደረገ። የዓይን ችሎታ ቀርቶ የዕድል ስሌት ገባ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጥቃቱ በሁለት ዳይስ ድምር በሚወሰንባቸው ጨዋታዎች 5 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 83 ከመቶ፣ 7 እና ከዚያ በላይ 58 ከመቶ፣ 9 እና ከዚያ በላይ 28 ከመቶ ብቻ ነው። ዳይሱን አንድ ጊዜ ደግሞ መጣል ቢፈቀድ እንኳ የ9ኙ ዕድል 48 ከመቶ ላይ ይቆማል፤ ሳንቲም ከመወርወር ያነሰ። ስለዚህ 12 ኢንች ተጉዞ የዳይሱን ድምር ያህል ኢንች ጨምሮ የሚያጠቃ ጓድ አስተማማኝ መድረሻው 17 ኢንች ያህል ነው። «እስከ 24 ይደርሳል» የሚል ተጫዋች የሚናገረው ከሠላሳ ስድስት አንዴ ስለሚወጣው ድርብ ስድስት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ፍጥነትን ቀድሞ ለመድረስ ብቻ ማዋል ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። አምስት ጋላቢዎች ከፈረሰ ግንብ ኋላ ቆመዋል እንበል። ተቃዋሚው መድፎቹን ከኋላ ደርድሮ፣ ዋጋቸው አነስተኛ የሆነ አሥር ቃኚዎችን ከፊት እንደ አጥር ዘርግቷል። ችኩሉ ተጫዋች በመጀመሪያው ተራ ቃኚዎቹ ላይ ዘሎ ይገባና ሁሉንም ይፈጃል። ጋላቢዎቹ ግን አሁን በሜዳው መካከል ከመድፎቹ አፍ ፊት ያለከለላ ቆመዋል። ወራት የፈጀ ቀለም የተቀቡ ምስሎች ከአንድ ፍጅት በኋላ ወደ ሳጥናቸው ሲመለሱ ማየት ለባለቤታቸው ቀላል አይደለም። ትዕግሥተኛው አጥሩን በተኳሾቹ ያፈርሳል፣ ጋላቢዎቹን ከግንቡ ኋላ እንደ ደበቀ ያቆያል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ተራ በተከፈተው ክፍተት መድፎቹ ላይ ይለቃቸዋል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የማይጠረጥረው ነገር አለ፦ በራስ ተራ ጠላትን ጨርሶ መደምሰስ ሁልጊዜ አይጠቅምም። በብዙ ሕጎች በጨበጣ የተያዘ ጓድ አይተኩስም፣ ባልንጀሮቹም ወደ ግርግሩ መተኮስ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ጠላት በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሰባብሮ ሁለት ሦስት ሰው ቢተርፈው፣ አጥቂው በተቃዋሚው ተራ ከጥይት ተጠልሎ ይቆያል፤ የተረፉትንም በዚያው ተራ ይጨርስና በራሱ ተራ ነፃ ሆኖ ቀጣዩን ኢላማ ይመርጣል። የተያዘው ጓድ እንዳያፈገፍግ የሚፈልጉ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አንዱን ምስል በሦስት አቅጣጫ ይከቡታል። በጠላት ምስል መካከል ማለፍ በሚከለከልበት ጨዋታ ያ አንድ ምስል ጓዱን ሁሉ አስሮ ያስቀራል። የጣት ስፋት እንኳ የማይሞላ ክፍተት ጨዋታውን ሲለውጥ የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ብቻውን የሚላክ ፈጣን ጓድ ብቻውን ይሞታል። ሁለት ሦስት ስጋት በአንድ ተራ ሲደርስ ተቃዋሚው የትኛውን እንደሚተኩስ ይቸግረዋል፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ቢገባ ደግሞ ይብሳል። የዋርሃመር የምናብ ዓለም ሕጎች ለጎንና ለጀርባ ጥቃት በውጊያው ውጤት ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። በአንጻሩ የመሬቱ አቀማመጥ ይበቀላል፤ በብዙ ሕጎች ጫካና ፍርስራሽ እግረኛውን አሳልፈው ፈረሱን ይይዛሉ።

ስለ ማሳደድም መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣውና እያንዳንዱ ወገን 12 ጓድ ብቻ ይዞ በሚሰለፍበት ዲ.ቢ.ኤ. በተባለው የጥንታዊ ጦርነት ጨዋታ፣ ባላባት ፈረሰኞች ጠላታቸው ሲያፈገፍግ ተከትለው መግባት ግዴታቸው ነው። ብልህ ተቃዋሚ ይህን ስለሚያውቅ የሚሸሽ ማጥመጃ ያቀርብላቸዋል፤ ከመስመራቸው ተነጥለው ሲወጡ ጎናቸው ባዶ ይሆናል።

አንዳንዴ ደግሞ ጓዱ ጨዋታው እስኪያልቅ ከግንቡ ኋላ ላይወጣ ይችላል። ተቃዋሚው እርሱን ፈርቶ መድፎቹን ወደ ጥግ ከሰበሰበ፣ መሃል ሜዳውን ለእግረኛ ከለቀቀ፣ አምስቱ ጋላቢዎች አንድም ዳይስ ሳይጣልላቸው ሥራቸውን ሠርተዋል።