የመርከበኞች ብስኩት ምንድን ነው?

ጠረጴዛ ላይ ሲመቱት እንደ ጣውላ ቋ ይላል። በጥርስ እሰብራለሁ ያለ ሰው ጥርሱን ይሰብራል። እንግሊዝኛው ሃርድታክ ይለዋል። ዱቄትና ውሃ ነው፤ ሲገኝ ጨው ጣል ይደረግበታል። እርሾ የለ፣ ስኳር የለ። ቅቤም የለ፤ ቅቤ ውሎ አድሮ ይበላሻላ!

ሊጡ ጠጠር ብሎ ይታሽና ይዳመጣል፣ ከዚያ ይበሳሳል። ቀዳዳው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ካልተበሳ ይነፋል፣ ውስጡም እርጥበት ያስቀራል። ቀስ ብሎ ይጋገራል፣ ከወጣም በኋላ ክው እስኪል ይደርቃል። ሻጋታ ያለ ውሃ አይኖርም። የኛም ድርቆሽ ሳይበላሽ የሚቆየው በዚሁ ብልሃት ነው። «ብስኩት» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። ከሻይ ጋር የምንበላው ጣፋጩ ብስኩት ስሙን የወረሰው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለአንድ መርከበኛ በቀን አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ያህል ብስኩት ይሰፍርለት ነበር። ማወራረጃው ደግሞ አንድ ጋሎን ቢራ! ከአራት ሊትር በላይ መሆኑ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጉዞው ሲረዝም ነው። የመርከብ ሆድ እርጥብ ነው። ብስኩቱ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝና ትል ይገባበታል። መርከበኛው ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ ያራግፈዋል፤ የወጣው ወጥቶ የቀረውን ከነነፍሱ ይበላዋል። ምን ያድርግ? የኮሎምበስ ልጅ ፈርዲናንድ ገና በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በአራተኛው ጉዞ (1502–1504 እ.ኤ.አ.) ሄዶ ነበር። ከብስኩቱ የተሠራውን ገንፎ ለመብላት ጨለማ የሚጠብቁ ሰዎች እንደነበሩ ጽፏል፤ ትሉን ላለማየት። ሌሎቹ ግን ለምደውት ትሉን ለመልቀም እንኳ አይጨነቁም ነበር።

እንዲሁ በደረቁ የሚበላው ጥቂት ነው። ሾርባ ውስጥ ይነከራል ወይም ተፈጭቶ ከጨው ሥጋ ጋር ይቀቀላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በጠመንጃ ሰደፍ ሰባብረው ቡና ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር።

ለንደን ግሪንዊች ባለው የባሕር ሙዚየም አንድ እንዲህ ያለ ብስኩት አለ። ላዩ ላይ ለአንዲት ወይዘሪት በስጦታ የተሰጠበት ቀን በእጅ ተጽፎበታል፤ ሚያዝያ 1784 እ.ኤ.አ.። ዛሬም አልፈረሰም።