ስለ ዳር ሰፈር የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የት ሰፈር ነህ?» ሲሉኝ «ቱሉ ዲምቱ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚከተለው አንድ ነው። «ውይ! ከአዲስ አበባ ወጣሃ!»

አልወጣሁም። ያደግኩት ልደታ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ወደዚህ ከመጣን ዘጠነኛ ዓመታችንን ይዘናል። ልጆቼ ሌላ ሰፈር አያውቁም። «የየት ልጆች ናችሁ?» ሲባሉ ደረታቸውን ነፍተው «የቱሉ ዲምቱ» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ሰፈራቸውን አቃልሎ ሲያወራ ደግሞ ያመኛል። ስለዚህ ስለ ዳር ሰፈሮች፣ ስለ ስማቸውና ስለ ኳስ ድጋፋችን ዘወትር የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

«እዚያ እኮ ባዶ ሜዳ ነበር። ታሪክ ያለው መሃል ከተማው ነው።»

ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ ማሳ ነበር። ማሳ ባለቤት አለው፣ ድንበር አለው፣ ስም አለው። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው፤ «ዲምቱ» ደግሞ ቀይ። ስሙ ከኮንዶሚኒየሙም፣ ወደ አዳማ ከሚወስደው የክፍያ መንገድም በፊት የነበረ ነው።

እሱ ብቻ አይደለም። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የምንላቸው ስሞች በዚህ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች መጠሪያ ናቸው። አንድ ሰው «ይሄ ስም በቅርቡ ለፖለቲካ የመጣ ነው» ሲል ስሰማ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ከአያቱ ዕድሜ በላይ ስለቆየ ስም ነው።

አቃቂን ደግሞ ተመልከቱ። የጅቡቲው ባቡር አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ዋና ከተማዋ የሚመጣ ዕቃ የሚራገፈው እኛ ዛሬ «ዳር» በምንለው ቦታ ነበር። በኋላም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲመጣ አቃቂ የወዛደር ከተማ ሆነች። የአቃቂ ልጅ «እኔ የአቃቂ ልጅ ነኝ» ሲል የሚኮራበት ነገር አለው።

«ትክክለኛው ስም የክፍለ ከተማው ነው፤ የሰፈር ስም የልማድ ነገር ነው።»

የአስተዳደር ስም ለመታወቂያና ለካርታ ያስፈልጋል፤ እሱን አልክድም። ግን ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። በደርግ ጊዜ ወላጆቻችን አድራሻቸውን የሚናገሩት በ«ከፍተኛ» እና በ«ቀበሌ» ነበር። ከዚያ 10 ክፍለ ከተሞች መጡ። በ2013 ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ 11ኛ ሆነ። ቦሌ አራብሳ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። ቤቱን ሳይቀይር፣ በሩን ሳይቀይር፣ ክፍለ ከተማው ተቀየረ። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ቦሌ አራብሳ ነው። ረዳቱ «አራብሳ! አራብሳ!» እያለ ነው የሚጠራው። «ለሚ ኩራ!» ብሎ ቢጠራ የትኛው ጫፍ እንደሚወስደን ማን ያውቃል?

ሰው ሲለቀስበት፣ ሲሞሸር፣ ሲጣላና ሲታረቅ የሚጠራው የሰፈሩን ስም ነው።

«ስም የሚያወጣው መንግሥት ነው።»

አንዳንዴ። ብዙውን ጊዜ ግን ስም የሚወጣው ከሰው አፍ ነው። ሲኤምሲ የአንድ የጣሊያን ኮንስትራክሽን ድርጅት ስም ነው። አያት የቤት ገንቢ ድርጅት ስም ነበር፤ ዛሬ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ ፌርማታ ሆኗል። ካዛንቺስም በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ስም የመጣ ነው። የአገሬው ሰው አፍ ስሙን አለሰለሰው፣ የራሱ አደረገው። አሁን ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ሰዎች «እኛ የካዛንቺስ ልጆች» ሲሉ ማንም «ይሄ የጣሊያን ቃል ነው» አይላቸውም። ሊላቸውም አይገባም።

«በስም የሚከራከር ሰው ጎረቤቱን የሚጠላ ነው።»

ይሄኛውን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ዓይኔ ያየው ነው።

እድራችን የመጀመሪያውን ድንኳን ያሰፋ ጊዜ ነው። ሰፊው «ምን ብዬ ልጻፍበት?» አለ። ቀላል ጥያቄ መስሎን ነበር። ስብሰባው ሦስት እሁድ ፈጀ። ግማሹ ሰው ከልደታ የመጣ ነው፤ «ልደታ እድር» ይባል አለ። ሌላው «ከአራት ኪሎ የመጣነውስ?» አለ። አንዱ በብሎክ ቁጥር ይሁን አለ። ይሄኔ አንዲት እናት ተነሡ። ባለቤታቸውን የቀበሩት ልደታ ነው። «ልደታን እርሺው ልትሉኝ ነው?» ብለው እንባቸው መጣ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከድሮ ጀምሮ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ብሎኮቹ ሳይሠሩ በፊት ጤፍ የሚዘሩት እኛ ዛሬ መኪና በምናቆምበት ቦታ ላይ ነበር። እሳቸውም የእድሩ አባል ናቸው። ብዙ አይናገሩም። በሦስተኛው እሁድ ብድግ ብለው፣ ኦሮምኛ ቅላጼ ባለው አማርኛቸው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ቦታ እናንተ ስትመጡ ስም ይዞ ነው የጠበቃችሁ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ተመልሰው ተቀመጡ።

ድንኳኑ ላይ በትልቁ «ቱሉ ዲምቱ» ተብሎ ተጻፈ። እኚያ እናት የሚሰበስቡት ዕቁብ ደግሞ እስከ ዛሬ «የልደታ ልጆች ዕቁብ» ነው የሚባለው። የዕቁቡ አባል ከሆኑት መካከል የእኚያ አባት ምራትም አለች። የተከራከርነው ስለተጠላላን አልነበረም። ሁላችንም የምናከብረው ነገር ስላለን ነው። ሰው የማይወደውን ነገር ስም ለመጠበቅ ሦስት እሁዱን አይሰዋም።

«ሸገር እና አዲስ አበባ አንድ ነው» ወይም «አንድ አይደለም»

ሁለቱም እንደ ጊዜው ትክክል ናቸው፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ነው የሚመጣው። «ሸገር» ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ የፍቅር ስም ሆኖ ኖሯል። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ «የሸገር ደርቢ» ነው። የከተማው አውቶቡስ ሸገር ነው። ነገር ግን በ2015 የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንን እና ኮዬ ፈጬን አንድ ላይ አድርጎ «ሸገር ከተማ» የሚባል አስተዳደር አቋቋመ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «የሸገር ነዋሪ ነኝ» ቢላችሁ መሃል ፒያሳ ሊሆን ይችላል፣ ሰበታም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ጠይቁት።

በ2014 ክረምት ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ላይ መስማማታቸው ይፋ ከሆነ በኋላ በወረቀት ብዙ ነገር ተለይቷል። በኑሮ ግን እህቴ ኮዬ ናት። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። መታወቂያችን የተለያየ ቢሮ ነው የሚታደሰው። የበዓል ዶሮ ግን አንድ ገበያ ነው የምንገዛው።

ሰበታና ለገጣፎ «የአዲስ አበባ ጭራ» ናቸው የሚለውም ስህተት ነው። በኳስ ብቻ እንኳ ብናየው፣ ሰበታ ከተማ ከ2012 እስከ 2014 በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። ለገጣፎ ለገዳዲም በ2015 ገብቶ አንድ ዓመት ተጫውቷል። ወርደዋል፣ እሺ። ግን የሰበታ ሰው የከተማውን ስም በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ አይቶታል። ይሄን ኩራት ማንም አይወስድበትም።

«ጊዮርጊስ የአራዳ ልጆች ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?»

እኔ ጊዮርጊስ ነኝ፤ ስለዚህ ይሄኛው ይነካኛል። ክለቡ አራዳ ውስጥ በ1928 መመሥረቱ እውነት ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ። ነገር ግን የክለቡ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን ስምና ሰፈር ክለብን አጥረው እንደማያስቀሩት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስሙ ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጫወት ተደረገ። በደርግ ጊዜም በቢራ ፋብሪካ ስም የተጠራበት ዘመን ነበር። ደጋፊው ግን ሁለቱንም ጊዜ ጊዮርጊስ ማለቱን አልተወም። በመጨረሻ ስሙ ተመለሰ።

ስሙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስለሆነ «የክርስቲያኖች ክለብ ነው» የሚሉም አሉ። ከእኔ ጎን ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸው ጓደኛዬ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቡናም ቢሆን የአንድ ሰፈር ክለብ አይደለም። በ1968 ሲመሠረት የቡና ገበያ ሠራተኞች ቡድን ነበር። በ2003 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከአቃቂ እስከ ሽሮ ሜዳ ቡናማ የለበሰ ሰው ነበር። እኔ በዚያ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ ጩኸታቸው ግን ቤቴ ድረስ ገብቷል። ይገባቸው ነበር።

ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መካሄድ ጀመሩ። ጊዮርጊስና ቡና ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላይ ሲገናኙ፣ የአራዳውም ልጅ የቱሉ ዲምቱውም ልጅ እኩል ቲቪ ፊት ነው የሚቀመጠው። ማን ቀረበ፣ ማን ራቀ?

«አርሴና ማንቼ የሚል ትውልድ የአገሩን ኳስ ረስቷል።»

አልረሳም። ቅዳሜ ማታ የእኛ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። አርሴናል ሲያገባ አግዳሚው ይነቃነቃል። ያው ልጅ ቀን ላይ የደርቢውን ውጤት በስልኩ ሲከታተል ነው የዋለው። ሁለት ድጋፍ በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራል። አንዱ ሌላውን አያስወጣም።

«የኮንዶሚኒየም ልጆች ሰፈር የላቸውም።»

ይሄ ነው ከሁሉም የሚያንገበግበኝ። ብሎክ ከብሎክ አይተዋወቅም፣ ልጆቹ ቤት ተዘግቶባቸው ነው የሚያድጉት ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን እውነትነት ነበረው። አሳንሰር የለም፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ልጅን ብቻውን ማውረድ ያስፈራ ነበር።

አሁን ክረምት ሲመጣ የብሎኮች ውድድር አለ። መዋጮ እናዋጣለን። ሜዳው ጭቃ ነው። ጎሉ ሁለት የዕንጨት ቋሚ ነው፤ መረብ የለውም። ስለዚህ ኳስ ገባች አልገባች በሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ባለፈው ክረምት የልጄ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያ አሳተመ። ጀርባው ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ተነታረኩ። አንዱ «አርሴናል» አለ። ሌላው «ጊዮርጊስ»። ልጄ በእኔ ግፊት ሳይሆን በራሱ ቡና ነው፤ እሱ «ቡና» አለ። ማንም ማንንም ማሸነፍ አልቻለም። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ግብ ጠባቂው፣ የእኚያ ጤፍ ይዘሩ የነበሩት አባት የልጅ ልጅ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ለማተሚያ ቤቱ ሰጠ።

ማሊያው አሁን ሰገነታችን ላይ ታጥቦ ተሰጥቷል። «ቱሉ» ይላል፤ ከሥሩ 11 ቁጥር።