ሳይንስ ፊክሽን ምንድን ነው? አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ ሰፈር ላደግን ልጆች

ሳይንስ ፊክሽን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መንኮራኩርና ሮቦት ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ደራሲው ከምናውቀው ዓለም አንድ ነገር ይለውጥና የቀረውን ሁሉ በሕጉ ያስኬደዋል። ተረት ውስጥ ፈረስ ቢበር ማንም «እንዴት?» አይልም። እዚህ ግን ክንፉ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ ምን ያህል ገብስ እንደሚፈጅ፣ የሚበር ፈረስ ሲበዛ ባለታክሲው ምን እንደሚውጠው መታሰብ አለበት።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ብቻ ያተኮረውን የመጀመሪያውን መጽሔት ሁጎ ገርንስባክ እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካ ውስጥ ጀመረ። ሳይንስ ፊክሽን እኛ ጋ፣ ካራ፣ የደረሰን በቪዲዮ ቤት በኩል ነው። አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ እንግሊዝኛውን ግማሽ በግማሽ እየገመትን። ሌላው ልጅ «አክተሩ አይሞትም» ብሎ ሲረጋጋ እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነበር። በጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ወንድ አያቱን የገደለ ሰው እንዴት ይወለዳል? ቤት እስክንደርስ እንጨቃጨቅበት ነበር።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ያ መደነቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የዳር ሰፈር ልጅ ከመሀል ከተማው ልጅ የተሻለ ሰማይ ነበረው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ እንደ ወቅቱ የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም ታሳያለች። በጥቅምት ጥርት ያለ ሌሊት አንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ያ ሩቅ ያለ ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ በባዶ ዓይን ይታያል። ያየኸው ብርሃን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይሄን የሰማ ልጅ እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል?

አንዳንዱ ሐሳብ ደግሞ ጣሪያችን ላይ ወጣ። ደራሲው አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው የቴክኒክ ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር አንድ ቦታ ቆሞ እንደሚታይና ለስርጭት እንደሚጠቅም አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1964 እውን ሆነ። የሰፈራችን ዲሾች የሚያዩት ወደዚያ ነው። አንዱ ቆርቆሮው ላይ፣ አንዱ ቲቪው ፊት፣ አንዱ መስኮቱ ጋ ሆኖ ቃል ያቀብላል። «መጣ?» «ትንሽ ወደ ግራ!» «ኧረ ሄደ፣ መልሰው!» ብሎኑ እስኪጠብቅ ማንም አይተነፍስም። ዲሹን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሥዕሉ ድርግም የሚለው ለምን እንደሆነ የገባው ልጅ፣ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል።

ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ኢትዮጵያም የመጀመሪያ ሳተላይቷን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና አምጥቃለች። እዚህ የሚጀምር የአማርኛ ሳይንስ ፊክሽን ባነብ እንዴት ደስ ባለኝ! የሌሊት ተረኛዋ የካራ ልጅ ናት። መብራት ጠፍቶ በጀነሬተር እየሠራች ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ማንም ያልላከው ምልክት ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ለማን ትደውላለች?