ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት ያስገባ አባት ይለዋል። ወንድሟን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያስጠራች እህት ትለዋለች። «እኔ እስከ በሩ አድርሼሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።» ትርጉሙ ግልጽ ነው። ገንዘብም፣ ዘመድም፣ መምህርም እስከ አንድ ቦታ ይወስድሃል። ከዚያ በኋላ ያለውን መጋፈጥ የራስህ ፈንታ ነው።

እስከዚህ ሁላችንም እንስማማለን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ «አይዋጋም» የሚለውን ይይዝና «ያደርሳል» የሚለውን እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። ፈረስ የገራ ወይም ግልቢያ ያስተማረ ሰው ብትጠይቁ ግን ዋናው ልፋት እዚያ ላይ ነው ይላችኋል።

መነሻው የፈረሰኛ ጦር ነው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ረጅሙን መንገድ የሚጓዙት በበቅሎ ነበር። የበቅሎ አካሄድ ይመቻል፤ ዳገት ቁልቁለቱንም ታውቅበታለች። የጦር ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ከጎን ይከተላል። ጌታው ከበቅሎው ወርዶ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ውጊያው ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ፈረሱ የሚያደርሰው ከቤት እስከ ጦር ሜዳ አይደለም። እሱማ የበቅሎ ድርሻ ነው። የፈረሱ ድርሻ የመጨረሻዋ ሩጫ ናት። ጦር እየተወረወረ፣ ሰው እየፎከረና እየጮኸ፣ ከጠላት ፊት ድረስ መግባት። እዚያ ከተደረሰ በኋላ የሚወረውረውም በጋሻ የሚመክተውም ሰውየው ነው።

ይህን አባባል ያወጣው ማኅበረሰብ ፈረሱን አቅልሎ አያውቅም። እንዲያውም ጀግናው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ታጠቅ፣ ዳኘውና ነፍሶ ፈረሶቹ ናቸው። ዛሬም በአዊ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቻቸውን ሸልመው በዓል ያከብራሉ። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ጭምር ያስታውሳል። አይዋጋም የተባለው እንስሳ የዘማች ክብር አለው ማለት ነው። ስለዚህ አባባሉን ፈረስ ለማሳነስ የተነገረ አድርጎ መውሰድ ልክ አይመስለኝም። የተነገረው ኮርቻው ላይ ያለውን ሰውዬ ለመቆንጠጥ ነው።

ሐሳቡ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት፣ 10 ሺህ ገደማ የግሪክ ቅጥር ወታደሮች ፋርስ ምድር ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። አለቆቻቸው ተይዘው ተገድለዋል። ፈረሰኛ የላቸውም፤ ጠላት ደግሞ ሞልቶታል። ሰዉ ልቡ ሲሸበር ዜኖፎን የተባለ አቴናዊ ተነሥቶ ተናገረ። የንግግሩ ፍሬ ይህ ነው፦ 10 ሺህ ፈረሰኛ ማለት 10 ሺህ ሰው ማለት ነው፤ በጦርነት በፈረስ ንክሻ ወይም እርግጫ የሞተ የለም፤ ሁሉንም የሚያደርገው ሰው ነው። ቁጭ የእኛው አባባል! ቀጠለና ደግሞ፣ እኛ መሬት ረግጠን ቆመናል፤ ፈረሰኛው ግን ፈረሱ ላይ ተንጠልጥሎ እኛን ብቻ ሳይሆን መውደቅንም ይፈራል አላቸው። ግልቢያ በቅርብ የጀመረ ሰው ይህቺኛዋን ያለ አስተርጓሚ ይረዳታል።

ይኸው ዜኖፎን ግን ኋላ ስለ ፈረስ አያያዝና አገራር የጻፈ ትልቅ አዋቂ ነው። ፈረስን በንዴት አትቅረበው፣ በግድ የሠራውን ነገር አያውቀውም ብሎ አስተምሯል። እሱም እንደ እኛ አባቶች ነው። ፈረስ አይዋጋም ይላል፤ ለፈረሱ ግን ይጨነቃል። መጽሐፈ ምሳሌ 21፥31 ደግሞ ፈረስ ለጦርነት ቀን ይዘጋጃል፣ ድሉ ግን ከእግዚአብሔር ነው ይላል። እዚያ ድሉ ለሰውየውም አልተሰጠም።

አሁን ወደ «ያደርሳል» እንምጣ። ፈረስ በተፈጥሮው ሣር በል ነው፤ አውሬ የሚያሳድደው እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል። የማይታየው ከግንባሩ ፊት ያለው ጠባብ ቦታና ከጭራው ኋላ ያለው ነው። ለማንኛውም ድንገተኛ ነገር የመጀመሪያ መልሱ መሸሽ ነው። ነፋስ ያነሳው ፌስታል ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ነው ሰው ወደ ጩኸትና ጭስ የሚያስገባው። አንድ ፈረስ ወደሚያስፈራው ነገር በራሱ እግር ከሄደ፣ ከኋላው የብዙ ወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ሥራ አለ።

ሥራው ደግሞ ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። የሚፈራውን ነገር ከሩቅ ታሳየዋለህ። ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ጃንጥላ፣ ከበሮ። ይደነግጣል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይላል። አንተ ዝም ብለህ ትቆያለህ። ቆም ብሎ ትንፋሽ ሲያወጣ፣ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ነገሩን ወዲያው ታርቅለታለህ። ፈረስን የሚያስተምረው ግፊቱ ሳይሆን ግፊቱ የተነሳበት ቅጽበት ነው። እየሸሸ ሳለ ካራቅህለት መሸሽ እንደሚያዋጣ አስተማርከው። ዱላ ለያዘ ሰው ይህ አይገባውም። ዱላው ሰውየው ራሱ አስፈሪው ነገር መሆኑን ብቻ ለፈረሱ ይነግረዋል። በየአገሩ ሕዝብ መሐል የሚሰማሩ የፖሊስ ፈረሶች እስከ ዛሬ የሚሠለጥኑት ከጩኸትና ከግርግር ጋር በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ እየተላመዱ ነው።

መቸኮልም አይሆንም። ፈረስ ብዙውን ጊዜ ሰው መሸከም የሚለማመደው 3 ወይም 4 ዓመት ሲሞላው ነው። የጀርባው አጥንት ግን እስከ 6 ዓመት ገደማ እያደገ ነው። ቀድሞ ልጓሙን ይለምዳል፤ ከዚያ ባዶ ኮርቻ ተጭኖበት ይሄዳል፤ ሰው የሚወጣበት ቀስ ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ሳያልፍ የተጋለበ ፈረስ አያደርስም፤ መንገድ ላይ ያወርድሃል።

ተማሪው ጋ ስንመጣ አባባሉ ቃል በቃል ይፈጸማል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚለው «ጥሩ ፈረስ ስጡኝ» ነው። ይሰጠዋል። አሠልጣኙ መሐል ቆሞ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ ያዞረዋል፤ ክቡ ዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ያህል ነው። ዛቡን፣ ማለትም ፈረሱ የሚመራበትን የልጓም ጠፍር፣ ከተማሪው እጅ ይወስድበታል፤ አንዳንዴ እርካቡንም። ተማሪው ይናደዳል፤ «ፈረስ ልጋልብ መጥቼ ልጓም ከለከሉኝ» ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሚዛኑ የጠፋበት ሰው ያገኘውን ይጨብጣል። ዛቡን ከጨበጠ ደግሞ የሚንጠለጠለው ፈረሱ አፍ ውስጥ ባለው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በመቀመጫው መቆየት ይማራል። ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር። ሶምሶማው ሲጀመር ይህ መስመር ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈርስ ማየት ነው!

ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን የሚያርገበግብ እንስሳ ነው። የተማሪው ክብደት ወደ ግራ ሲያጋድል ያውቃል። ትንፋሽ ሲያምቅም ያውቃል። «እምቢ አለኝ» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ በእግሩ ሂድ፣ በእጁ ቁም እያለው ነው። ግራ የገባው ፈረሱ ነው።

በጣም የምወደው ነገር ግን ይህ ነው። ማስተማሪያ ፈረሶች ከጊዜ በኋላ የአሠልጣኙን ድምፅ ይለምዳሉ። አሠልጣኙ «አሁን ሶምሶማ» ሲል ፈረሱ ተማሪው ሳያዘው ይነሳል። ተማሪው እኔ ነኝ ያስነሳሁት ብሎ ይኮራል። ሌላ ቀን ሌላ ፈረስ ይሰጡታል፤ አሠልጣኙም ዝም ይላል። ፈረሱ ንቅንቅ የለም። አባቶች ያሉት ሰውዬ ይህ ነው። ፈረሱ እስከ ሜዳው አድርሶታል፤ እሱ ግን ገና መጋለብ አልጀመረም።

አባባሉ ቦታውን ሲስት ግን ያስቀይማል። የሚናገረው ያደረሰው ሰው ሲሆን ያምራል፤ ትሕትናም ምክርም አለበት። የደረሰው ሰው ሲናገረው ሌላ ነው። ያስተማረችህን መምህርት ወይም ሥራ ያስገባህን አጎትህን «እሱማ ፈረስ ያደርሳል እንጂ…» ካልካቸው ውለታቸውን ረግጠህ አለፍክ።

አንዳንዶች ይህን አባባል ከ«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ጋር ያቀላቅሉታል። ይህኛው ለጉረኛ የሚወረወር ነው። እንዲህ እጋልባለሁ፣ እንዲህ እጥላለሁ ለሚል ሰው «እስቲ አሳየን» ማለት ነው። በጉግስ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያወራን ሰው አስቡት። የመጀመሪያው ሊሄድ ለተዘጋጀ ሰው ይነገራል። ሁለተኛው ሲያወራ ለመሸበት ሰው ነው።